ሞተሯ ባቲ ትወርዳለች፣ ደሴ አትወጣም

«እታለም፣ ሞተሯ ዛሬም ቆመች። ሃረጎን ግማሽ እንደወጣሁ ጭሷ ጠቆረ፣ ጉልበት አጣች። መድኃኒቱን ሳላመጣ ተመለስኩ።»

ይህን የታናሽ ወንድሜን ቮይስ የሰማሁት ጅዳ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ የመጨረሻውን ድስት አጥቤ ወጥ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሞተሯን የገዛሁለት እኔ ነኝ። የሰባት ወር ደሞዜ ናት። አዲስ አይደለችም፤ ከአፋር፣ ከሎጊያ የመጣች፣ ብዙ አሸዋ የበላች፣ በሆንዳ ሲ ጂ 125 አምሳያ የተሠራች የቻይና ሞተር ናት። ኮምቦልቻ ላይ ዕቃ እያመላለሰ ራሱን ይቻል፣ እግረ መንገዱንም የእናታችንን መድኃኒት በየወሩ ከደሴ ያምጣ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ ሲወርድ ሞተሯ ደህና ናት። ዕቃ ጭኖ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ደሴ ውጣ ሲባል ግን ትታመማለች። አንዴ «ካንዴላዋ ተበላሸ» ይለኛል፣ አንዴ «ቤንዚን ትጠጣለች» ይለኛል፣ መጨረሻው ግን ሁሌም «ትንሽ ገንዘብ ላኪልኝ» ነው። ሦስት ወር ላክሁ። በአራተኛው ወር ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ባቲ ገበያ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ጫት አለ። ደሴ ያለው የእናቱ መድኃኒት ብቻ ነው። ሞተር መንገድ እየመረጠ ይበላሻል እንዴ?

እናም ቮይስ ላክሁለት። «እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ አንተ እዚያ ትቀልድብኛለህ። ገንዘቤን እየበላህ ነው። ለእናትህ እንኳ አታዝንም። ሆን ብለህ ነው።» አርባ ሰከንድ እንኳ አልፈጀብኝም።

ወንድሜ አልመለሰልኝም። ከዚያ ወዲያ ለሞተር ገንዘብ ጠይቆኝም አያውቅም። ዝም ሲል ጊዜ፣ «አየሽ፣ እውነት ስለሆነ ነው መልስ ያጣው» አልኩ ለራሴ። ዝምታውን ማስረጃ አድርጌ ቆጠርኩት።

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያች ሞተር ካርቡሬተር ነው። ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው። በስልክ ብቻ በምናገኘው ሰው ላይ መፍረድ ይገባናል ወይ? ከገባንስ እንዴት አድርገን?

መጀመሪያ የደነገጥኩት መካ ላይ ነው። የረመዳንን የመጨረሻ ቀናት የምሠራላቸው ቤተሰቦች መካ ቤት ተከራይተው ያሳልፋሉ፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። መካን በረመዳን ወይም በሐጅ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። መኪናው ተጣብቆ ሲቆም ሰውን የሚገላግለው ደባብ ነው። ወጣቶቹ መንገደኛውን ከኋላ አፈናጥጠው በመኪና መሃል ሹልክ ይላሉ። አንድ ምሽት ከተራዊሕ በኋላ ውሃ ልገዛ ወርጄ ስመለስ አንድ ደባብ ፊት ለፊቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላ ኢሕራም የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ልጁ ይረግጣል፣ አትነሳም። ደግሞ ይረግጣል፣ አትነሳም። ሽማግሌው መጮህ ጀመሩ። ዋጋ ልትጨምርብኝ ነው፣ ሆን ብለህ ነው ያቆምካት እያሉ ነው። ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ዳኛ ሆነ። ልጁ አልተከራከረም። ላቡን ጠረገ፣ ጎንበስ አለና ከሰልባትዮው ሥር ያለችውን የቤንዚን መክፈቻ ወደ መጠባበቂያው አዞራት። ጥቂት ጠበቀ። አንዴ ቢረግጣት ተነሳች። ቤንዚኑ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ሌላ ነገር አልነበረም። ሽማግሌው ዝም ብለው ሄዱ። ሰውም ዝም ብሎ ተበተነ። ልጁን ይቅርታ ያለው አልነበረም።

እኔ የውሃ ጠርሙሶቹን እንደታቀፍኩ ቀረሁ። የሽማግሌው ድምፅ የእኔ ድምፅ ነበር። ቃሉ እንኳ አንድ ነው፤ ሆን ብለህ።

ጅዳ ስንመለስ አርብ ቀን ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ባሏ ሰናዒያ ካሉት ዋርሻዎች በአንዱ ሞተር ይጠግናል፤ የሚበዛው ሥራው ምግብ የሚያመላልሱ ልጆች ሞተር ነው። የወንድሜን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ሄጄ የነገርኩት «ልክ ነሽ፣ እየዋሸሽ ነው» እንዲለኝ ነበር። እሱ ግን ቡናውን አስቀምጦ «ካንዴላዋ ምን ቀለም ነው?» አለኝ።

«ምን አውቃለሁ? ገንዘቤን እየበላ ነው እያልኩህ እኮ ነው!»

«እሱን ሞተሯ አትነግረኝም፣ እህቴ። የካንዴላዋን ቀለም ግን ትነግረኛለች።»

ከዚያ አስረዳኝ። ሞተር ለመነሳት ሦስት ነገር ትፈልጋለች፤ ቤንዚን፣ አየርና እሳት። አንዱ ከጎደለ ትቆማለች፣ አንዱ ከበዛ ትታመማለች። ካርቡሬተር የሚባለው ቤንዚንና አየሩን በልክ የሚያገናኘው ዕቃ ነው። ልኩ በሚዛን ቢታይ ለአንድ ግራም ቤንዚን አሥራ አምስት ግራም ግድም አየር ነው። ሞተሯ ስትተነፍስ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። በጠባቡ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይቀንሳል፣ ያን ጊዜ ከሥር ካለችው ትንሽ ገንዳ ቤንዚን ይስባል። ቤንዚኑ የሚያልፈው በናስ በተሠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው፤ መካኒኮች ጄት ይሏቸዋል። አንዷ ሞተሯ ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ የምታጠጣ ናት፣ ሌላዋ ትልቋ ደግሞ ጋዝ ሲሰጣትና ዳገት ስትወጣ የምታጠጣ ናት።

አበላሽቶ የሚፈርድ መካኒክ፣ አለኝ፣ ሞተር ሲመጣለት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይፈታል። ካንዴላ ይቀይራል፣ ፊልትሮ ያወጣል፣ ብሎን ሁሉ ያዞራል። ብትነሳ እንኳ ምን እንዳዳናት አያውቅም፣ ካልተነሳች ደግሞ የመጀመሪያው በሽታ ላይ ሦስት ጨምሮባታል። ደህና መካኒክ ከቀላሉ ጀምሮ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ቤንዚን አለ? መክፈቻው ተከፍቷል? የሰልባትዮው ክዳን ላይ ያለችው መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍናለች? ተደፍና ከሆነ ክዳኑን ስትከፍቺው አየር ሲገባ ይሰማል፣ ሞተሯም ያኔውኑ ትነሳለች። ቾኩ በግማሽ ተይዞ ቀርቷል? ፊልትሮው አቧራ ጠግቧል? ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን ይንጠባጠባል? የሚንጠባጠብ ከሆነ ገንዳዋ ውስጥ የሚንሳፈፈው ዕቃ ቤንዚኑን አልዘጋ ብሏል ማለት ነው። በመጨረሻም ካንዴላው ይወጣና ይታያል። ቀለሙ ቀላ ያለ ቡና ከመሰለ ልኩ ነው። ከነጣ ቤንዚን አንሷታል፣ እየጋለች ነው። እንደ ምጣድ ሥር ደረቅ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቶባታል፣ ወይም አየር አጥሯታል።

ወንድሜ የእኔን ስልክ አያነሳም ነበርና መካኒኩ በራሱ ስልክ ቮይስ ላከለት። ያላከው ነገር አስገረመኝ። «ለምን?» የሚል ቃል የለበትም። «እህትህ እንዲህ ትላለች» የሚልም የለበትም። «ወንድሜ፣ እስቲ እነዚህን አንድ በአንድ እይልኝና ንገረኝ። አንዱን ነክተህ ሳትሞክር ሌላውን አትንካ» ብቻ ነው።

ወንድሜ በዚያው ምሽት መለሰ። ለእኔ ለወራት የዘጋው ልጅ ለማያውቀው ሰው ስድስት ቮይስ ላከ። ፊልትሮው ታጥቧል። ቾኩ ደህና ነው። የሚንጠባጠብ የለም። የካንዴላው ፎቶ መጣ፤ ጥቁር፣ ደረቅ፣ ጥቀርሻ የለበሰ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፣ ባቲ ስወርድ ችግር የላትም። ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ታጨሳለች። ሃረጎ ላይ ግን ትታነቃለች።»

መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝ። «ይህን ላንቺ ነግሮሽ ነበር?»

«አዎ» አልኩት። «አራት ወር ሙሉ።»

እህቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማይረሳኝ ይህ ነው። «ባቲ ትወርዳለች፣ ደሴ አትወጣም» የሚለው ቃል ለእኔ የውሸቱ ማረጋገጫ ነበር። ለመካኒኩ የእውነቱ ማረጋገጫ ሆነ። ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው የሰሚው ዕውቀት ነው።

ሎጊያ ቆላ ነው፣ ከባሕር ጠለል ብዙም አይርቅም። ባቲ 1,500 ሜትር ግድም ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ግድም ነው። ደሴ 2,500 ይጠጋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ደሴ ላይ የአየሩ ክብደት ከጅዳው በአንድ አምስተኛ ግድም ያንሳል። ከሎጊያ የመጣችው ሞተር ጄቷ የተለካችው ለቆላ ወፍራም አየር ነው። ጄት ዳገት መውጣቷን አታውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ እሷ ቤንዚኑን በዚያው በድሮው ልክ ልታፈስ ትሞክራለች። ስለዚህ ሞተሯ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ትጠቁራለች፣ ካንዴላ ትበላለች፣ ዳገት ላይ ትታነቃለች። ወደ ባቲ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ትድናለች። ቤንዚን ትጠጣለች ያለኝም እውነት ነው። ካንዴላ ደጋግሞ መግዛቱም እውነት ነው። ሞተሯ በትክክል መንገድ እየመረጠች ትበላሽ ነበር።

መካኒኩ ይህን ሲያስረዳኝ የታየችኝ ሞተሯ አይደለችም። የጣይፍ ድስት ነው የታየኝ። በጋ ሲገባ ብዙ ቤተሰብ ሙቀቱን ሽሽት ጣይፍ እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ከብሳ መሥራት የተማርኩት ጅዳ ነው፣ በሰዓት ነው የተማርኩት፤ ሥጋው ይህን ያህል ደቂቃ፣ ሩዙ ይህን ያህል ደቂቃ። መጀመሪያ ጊዜ ጣይፍ የሄድን ዕለት በዚያው ሰዓት ሠራሁ። ሥጋው ጥሬ ሆነ፣ ሩዙ አንጀቱ ደረቅ ሆነ። ለእንግዳ ነበር። ያን ዕለት የሰማሁትን ቃል አልደግመውም፤ ፍሬ ነገሩ ግን «ጅዳ ስትሠሪ ታውቂያለሽ፣ እዚህ ሰነፍሽ፣ ሆን ብለሽ ነው» የሚል ነበር። ጣይፍ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ጅዳ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጣይፍ በ94 ግድም ይፈላል። ድስቱ ሲንተከተክ ታያላችሁ፣ ሙቀቱ ግን ያው አይደለም፤ ሥጋው ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። እኔም አላወቅሁም፣ እሷም አላወቀችም። እኔ አፍሬ አለቀስኩ፣ እሷ ተቆጣች፣ ጥፋቱ ግን የእኔም የእሷም አልነበረም።

አያችሁት? ጣይፍና ኮምቦልቻ ከፍታቸው ሊስተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው። በዚያ ከፍታ ላይ ሳላጠፋ የተፈረደብኝ ሴት፣ በዚያው ከፍታ ላይ ባለ ወንድሜ ላይ ፈረድኩ። በተፈረደብን ነገር ሌላ ሰው ላይ ላለመፍረድ መከራው ብቻ አያስተምርም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ «ተበድያለሁና በደል ምን እንደሆነ አውቃለሁ» እንላለን። እኔም እል ነበር። የበደሉኝን ሰዎች አነጋገር ለወንድሜ ቃል በቃል ስደግምለት ግን አላወቅሁትም።

ይህን ስል የምትመልሱልኝን አውቃለሁ። «ወንድምሽ እውነተኛ ሆኖልሽ ነው። የእኔስ?» ትላላችሁ። ቤት ይሠራል ብላ ስምንት ዓመት ልካ፣ ስትመለስ መሠረቱ እንኳ ያልተቆፈረላት እህት በመሃላችን አለች። ለሕክምና ብላ የላከችው ለሰርግ ድንኳን የዋለባትም አለች። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም በክፉ መጠርጠር ነውር መሆኑን ከልጅነታችን ተምረናል፤ ነገር ግን ዝም ብሎ ማመንም ሞተር አያስነሳም። እኔ ወንድሜን ዝም ብዬ አምኜው ቢሆን ኖሮ በየወሩ የካንዴላ ገንዘብ እየላክሁ እኖር ነበር፣ ሞተሯም ሃረጎ ላይ ስትታነቅ ትኖር ነበር፣ እናቴም መድኃኒቷን አታገኝም ነበር። ስለዚህ «እመኑ» ብዬ አልመክርም። «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» የሚለው የአባቶች ተረትም እመኑ አይልም፤ አጣሩ ነው የሚለው።

ነገር ግን ማጣራትም ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ የምሠራበት ቤት የእጅ ወርቅ ጠፋ። ቦርሳዬ ተዘረገፈ፣ ፍራሼ ተገለበጠ። የተጠየቅሁት «የት ደበቅሽው?» ተብዬ ነው። እስቲ አስቡት፣ ለዚህ ጥያቄ ንጹሕ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? «አልደበቅሁም» ስል መካድ ሆነ፣ ሳለቅስ ፍርሃት ሆነ፣ ዝም ስል ማመን ሆነ። በሦስተኛው ቀን ወርቁ ከራሷ ካፖርት ኪስ ተገኘ። ያኔ የተደረገው ማጣራት አይደለም። ፍርዱ አልቆ ነበር፣ የቀረው ዕቃውን ማግኘት ብቻ ነበር።

መካኒኩም ወንድሜን ማስረጃ ጠይቆታል። ፎቶ አስልኮታል፣ ቁጥር አስነብቦታል፣ ከእኔ ይበልጥ ጠይቆታል። ወንድሜ ግን አልከፋውም። ለምን ብዬ ብዙ ቀን አሰብኩ። የደረስኩበት ይህ ነው፤ የመካኒኩ ጥያቄ ወንድሜን ነጻ ሊያወጣ የሚችል ጥያቄ ነበር። ካንዴላው ቡናማ ሆኖ ቢገኝ አንድ ነገር ይላል፣ ጥቁር ሆኖ ቢገኝ ሌላ ይላል፤ ጠያቂው ሁለቱንም ለመስማት ተዘጋጅቷል። የእኔ ጥያቄ ግን የትኛውንም መልስ ቢሰጠኝ ጥፋተኛ የሚያደርገው ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ ለቤተሰቤ ጥያቄ ከመላኬ በፊት ራሴን እጠይቃለሁ፤ ንጹሕ ቢሆን ምን ብሎ ይመልስልኛል? መልሱ የማይታየኝ ከሆነ ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነውና አልክም።

ሁለተኛው ትምህርቴ ከአንድ በላይ ነገር በአንድ ጊዜ አለመንካት ነው። በአርባ ሰከንድ አራት ክስ ላክሁለት። ቀልደኛ፣ ሌባ፣ ለእናቱ የማያዝን፣ ተንኮለኛ። እስቲ ለየትኛው ይመልስ? ለአንዱ ቢመልስ ሌሎቹን እንዳመነ ይቆጠርበታል። ሰውም እንደ ሞተር ነው፤ ሁሉንም ብሎን በአንዴ ሲያዞሩበት ዝም ይላል፤ ያ ዝምታ መዳን አይደለም።

መካኒኩ አንድ ታሪክ አጫወተኝ፣ ለሙያው ሰዎች የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሆንዳ ሞተሮች በብዙ የእስያ አገሮች ቶሎ ቶሎ ይበላሹ ነበር። ሰዉ ከአቅም በላይ ይጭናል፣ ዘይት በጊዜው አይቀይርም፣ ሰንሰለቱን አያይም። ኩባንያው «ደንበኛው ነው ያበላሸው» ብሎ መተው ይችል ነበር፤ ሐሰትም አይሆንበትም። ይልቁንስ መሐንዲሶቹን ልኮ ሰዉ በእርግጥ እንዴት እንደሚነዳ አሳየ። ከዚያ በኋላ ነው ጭነት የሚችለው፣ ቸልታን የሚታገሠው ሲ ጂ 125 የተሠራው። የወንድሜ ሞተር የዚያ ዘር ናት። ጥፋቱ የማን ነው ከማለት ምን ጎደለ ማለት የበለጠ እንደሚያዋጣ ከዚህ ይታያል። ጥፋተኛ መኖሩን አልካድኩም፤ ጥፋተኛውን ስናገኝ ሞተሯ አትነሳም እያልኩ ነው።

ወደ ሞተሯ ልመለስ። ወንድሜ ካርቡሬተሩን ፈቶ ትልቋን ጄት አወጣና ቁጥሯን አነበበልን፤ 110። በዚህ ዓይነቱ ካርቡሬተር ቁጥሩ የቀዳዳዋን ስፋት በሚሊሜትር መቶኛ ይነግራል፤ 100 ማለት አንድ ሚሊሜትር ነው። ለቆላም ቢሆን የሰፋች ነበረች። መካኒኩ 100 እና 98 የሆኑ ሁለት ጄቶች ገዛልኝ፤ ሁለቱም አብረው የአንድ ሳህን ከብሳ ዋጋ አያወጡም። ወደ አገር በምትመለስ እህት እጅ ላክናቸው።

እኔ «98ቷን አስገባ፣ ለደሴ የምትሻለው እሷ ናት» አልኩ። የታየኝ የእናቴ መድኃኒት ነበር። መካኒኩ ግን ተቆጣኝ። «እህቴ፣ እዚህ ሆነሽ ካርቡሬተር አይስተካከልም» አለኝ። ጄቷ ከጠበበች ደሴ ላይ ታምራለች፣ ባቲ ስትወርድ ግን ወፍራሙ አየር በዝቶ ቤንዚኑ ያንሳታል፤ ያኔ ሞተሯ ትግላለች፣ ፒስተኗን ልታቃጥል ትችላለች። ወንድሜ በሳምንት ስንት ቀን ባቲ፣ በወር ስንት ቀን ደሴ እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ነው። የመጨረሻዋ ብሎንም በጆሮ ነው የምትስተካከለው። ሞተሯን በደንብ አሙቆ፣ ብሎኗን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ካስገባ በኋላ ከአንድ ዙር ተኩል እስከ ሁለት ዙር ይመልሳታል፤ ከዚያ በካቻቪቴ ሩብ ሩብ ዙር እያዞረ ያዳምጣል፣ ድምፁ ከፍና ረጋ ያለበት ቦታ ላይ ይተዋታል፣ ከዚያ ሚኒሞውን ዝቅ ያደርጋል። ወደ ውስጥ ማጥበቅ በአንዳንዱ ካርቡሬተር ቤንዚን ይቀንሳል፣ በአንዳንዱ አየር ይቀንሳል፤ ስለዚህ ብሎኗን ሳይሆን ሞተሯን ነው መስማት። ስትገባም በኃይል ማጥበቅ የለም፤ ጫፏ ቀጭን ናት፣ መቀመጫዋን ካበላሸች ከዚያ ወዲያ በጭራሽ አትስተካከልም።

ወንድሜ 100ን መረጠ። ሃረጎ አናት ላይ እስከ ዛሬ ጥቂት ታጨሳለች። ግን ትወጣለች። ባቲም ስትወርድ አትግልም። እኔ ብመርጥ ኖሮ አበላሽቼበት ነበር፤ በራሴ ገንዘብ፣ በፍቅር፣ ለእናቴ ብዬ።

እዚህ ላይ ለራሴ ያወጣሁት ወሰን ይህ ነው። ከሩቅ ሆኜ መጠየቅ እችላለሁ። ከሩቅ ሆኜ ጄት መላክ እችላለሁ። ገንዘቤ ነውና ምን ላይ እንደዋለ ማወቅም መብቴ ነው። የመጨረሻዋ ሩብ ዙር ግን እዚያ አየር ውስጥ ላለው ሰው ትተዋለች። እነሱም ለእኛ እንዲተዉልን እፈልጋለሁ። የእኛ ሰዎችም በእኛ ላይ ከሩቅ ይፈርዱብናል እኮ። «ሪያል እያፈሰች ለምን አነሰ?» ይላሉ። የሚሰሙት የደሞዙን ቁጥር ነው፤ ያለንበትን አየር አይሰሙም። ደሞዝ ሁለት ወር እንደሚዘገይ፣ እግር እንደሚያብጥ፣ የስልክ ካርድ እንኳ በልመና የሚገዛበት ጊዜ እንዳለ አይሰሙም። እንዲጠይቁን ከፈለግን፣ የምንጠየቅበትን ዓይነት ጥያቄ እኛ ብንጀምረው ጥሩ ነው።

በዝምታው ወራት የሆነውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ወንድሜ ያን ጊዜ ካንዴላና ቤንዚን የሚገዛው እናቴ ለአረፋ ያስቀመጠችለትን በግ ሸጦ ነበር። መድኃኒቱን ደግሞ በሚኒባስ እየሄደ ያመጣላት ነበር። ለእኔ አልነገረኝም። ቢነግረኝም የማምን አይመስለኝም።

ይቅርታ ጠየቅሁት። «ይሁን እታለም፣ አታውቂም ነበር» አለኝ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን በየወሩ መጨረሻ አንድ ፎቶ ይመጣልኝ ጀመር። ካንዴላ ነው። ታጥቦ ሳይሆን እንዳለ ወጥቶ፣ በመዳፉ ላይ ተቀምጦ፣ ቡናማ። ማንም ሳይጠይቀው። አንዳንዴ ከጎኑ የመድኃኒት ቤቱ ደረሰኝ ይታከልበታል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ወር ገባኝ፤ ወንድሜ በየወሩ ፍርድ ቤት እየቀረበ ነው። እኔ ቮይሱን አጥፍቼዋለሁ፣ እሱ ግን እስካሁን እየመለሰልኝ ነው።

ደውዬ «ከእንግዲህ የካንዴላ ፎቶ አትላክልኝ» አልኩት። «ለምን? አታይውም?» አለኝ። «አየዋለሁ፣ ግን ሞተሯ ስትበላሽ ብቻ ላክልኝ» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «እሺ» አለ። ባለፈው ወር አልላከም። የወሩ መጨረሻ አልፎ ስልኬ ባዶ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝምታው ደስ አለኝ።